የሶሌታ ጣሪያን በፈሳሽ ውሃ መከላከያ ልባስ የመሸፈን አሠራር

በለገጣፎ፣ በገላን፣ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ በኩል አዲስ አበባን ከበው በሚያድጉት ሰፈሮች ብዙ ቤቶች ላያቸው የሚዘጋው በቆርቆሮ ሳይሆን በሶሌታ፣ ማለትም ፌሮ (የብረት ዘንግ) በገባበት ጠፍጣፋ ኮንክሪት ነው። ባለቤቱ አቅም ባገኘ ጊዜ ሌላ ፎቅ ለመቀጠል ስለሚያስብ የአምዶቹ ፌሮ ከሶሌታው በላይ ቆሞ ይቀራል፤ ለጊዜው ተብሎ የተተወው ጣሪያም በዚያው ሁኔታ ብዙ ክረምት ያሳልፋል። ኮንክሪት ጠንካራ ቢሆንም ውሃ ጨርሶ የማያሳልፍ ነገር አይደለም። በጥቃቅን ቀዳዳዎቹና በስንጥቆቹ የገባው ውሃ ኮርኒሱን ከማበላሸቱም በላይ በውስጡ ያለውን ፌሮ ያዝጋል፣ የዛገ ፌሮም መጠኑ ስለሚጨምር ኮንክሪቱን ከውስጥ እየገፋ ያፈርሰዋል።

ፈሳሽ ልባስ የሚባለው በብሩሽ፣ በሮለር ወይም በመርጫ ተቀብቶ ሲደርቅ መገጣጠሚያ የሌለው፣ የሚሳብና የሚመለስ ሽፋን የሚሆን ምርት ነው። ከግድግዳ ቀለም የሚለየው በዋናነት በውፍረቱ ሲሆን፣ ልባስ የሚለካው በሚሊሜትር ነው። ከኮንክሪቱ ጋር በደንብ ከተያያዘ፣ በየትኛውም ጥግ ካልተቋረጠና የታዘዘለትን ውፍረት ካገኘ መካከለኛ ዋጋ ያለው ምርት እንኳን ለዓመታት ይሠራል። እነዚህ ካልተሟሉ ግን ውዱም ምርት በሚቀጥለው ሐምሌ ያፈሳል። ስለዚህ ይህ መመሪያ ስለ ቅቡ ከሚናገረው ይልቅ ከቅቡ በፊት ስላለው ሥራ የሚናገረው ይበዛል።

ወቅቱንና ሰዓቱን መምረጥ

ክረምት የመቀቢያ ሳይሆን የመፈተሻ ጊዜ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ዝናቡ ካባራ ከአንድ ሰዓት በኋላ ወደ ሶሌታው ወጥቶ ውሃ ያቆረባቸውን ቦታዎች ዳር ዳራቸውን በማይለቅ ቀለም ማስመር ያስፈልጋል። ይህ መስመር በበጋ ተዳፋቱ የት ላይ መስተካከል እንዳለበት ያሳያል፤ ደረቅ ሶሌታ ላይ ቆሞ በዓይን ገምቶ ማግኘት አይቻልም። ከታች በኩል ደግሞ በኮርኒሱ ላይ የታዩት እድፎች ከሁለት ግድግዳዎች ያላቸው ርቀት ተለክቶ ይመዘገባል። ሆኖም ውሃ በሶሌታው ውስጥ ተጉዞ ሩቅ ቦታ ሊወርድ ስለሚችል፣ የሚያፈሰው ቀዳዳ የግድ ከእድፉ ትይዩ ነው ማለት አይደለም።

በዚሁ ወቅት በሰፋፊ ስንጥቆች ላይ ትንሽ ጂፕሰም በላዩ አሻግሮ መለጠፍና ቀኑን መጻፍ ጠቃሚ ነው። ለዚህ ሥራ ከዝናብ የተጠለለ ቦታ፣ ለምሳሌ የሶሌታው የታችኛው ገጽ ወይም የደረጃ ቤቱ ግድግዳ ይመረጣል። ጂፕሰሙ ከወራት በኋላ ተሰንጥቆ ከተገኘ ስንጥቁ ገና እየተንቀሳቀሰ ነው። ኮዬ ፈጬን፣ ቂሊንጦንና ገላንን በመሳሰሉ መረሬ አፈር ባለባቸው አካባቢዎች መሬቱ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይኮማተራል፤ መሠረቱ ይህን ያላገናዘበ ቤትም አብሮ ይንቀሳቀሳል። እንዲህ ያለውን ስንጥቅ መጀመሪያ መሐንዲስ ሊያየው ይገባል፤ የመዋቅር ችግርን ልባስ አይፈታውም።

ቅቡ የሚሠራው መስቀል አልፎ ሶሌታው በደንብ ከደረቀ በኋላ ነው፤ በእኔ ግምት ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ጥር መጨረሻ ያለው ጊዜ የሚሻል የለም። ከየካቲት ጀምሮ የበልግ ዝናብ ሳይታሰብ ሊመጣ ስለሚችል ግማሽ የደረቀ ሽፋን ታጥቦ የመሄድ አደጋ አለ። አዲስ የተሞላ ሶሌታ ቢያንስ 28 ቀን ሊሞላው ይገባል። ደረቅ መምሰሉ ብቻውን ስለማይበቃ ጎንና ጎኑ 45 ሴንቲሜትር የሆነ ወፍራም ፕላስቲክ ዙሪያውን በፕላስተር ታሽጎ ከ16 ሰዓት ላላነሰ ጊዜ ይተዋል። ሲገለጥ ከሥሩ ጠብታ ከታየ ወይም ኮንክሪቱ ከጠቆረ ሥራው ሊጀመር አይችልም።

የቀኑ ሰዓትም እንዲሁ ወሳኝ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ፣ በተለይ ሱሉልታን በመሰለ ደጋ፣ ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ ሶሌታው ጠዋት በጤዛ ርሶ ይገኛል። ስለዚህ ከጠዋቱ 3 ወይም 4 ሰዓት በፊት አይጀመርም፤ ለመጀመርም በመዳፍ ዳስሶ እርጥበት አለመኖሩን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። በውሃ የተሠራ ምርት ሳይደርቅ ጤዛ ካገኘው ይነጣል፣ ይላቀቃል፤ በዚህ ምክንያት ቅቡ ከቀኑ 9 ሰዓት ባያልፍ ይመረጣል። በሌላ በኩል የጠዋት ፀሐይ ኮንክሪቱን ሲያሞቀው በቀዳዳዎቹ ውስጥ ያለው አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ በትኩሱ ሽፋን ላይ አረፋ ይፈጥራል። ከልባሱ በፊት የሚቀባው ማያያዣ ቅብ፣ ፕራይመሩ፣ ከአንድ ቀን በፊት በደንብ ከተቀባ ይህ ችግር በአብዛኛው ይወገዳል፤ ሆኖም አረፋ ከታየ የመጀመሪያውን እጅ (የቅብ ድርብ) ወደ 7 ሰዓት ገደማ ማዘግየትና ሳሳ አድርጎ መቀባት ይበጃል።

የምርቱን ዓይነት መወሰን

በገበያ ላይ በብዛት የሚገኙት የአክሪሊክ፣ የፖሊዩሬቴን፣ የሲሚንቶና የሬንጅ ውጤቶች ናቸው። አክሪሊክ በውሃ የተሠራ፣ ፀሐይን በደንብ የሚቋቋም፣ ለመቀባት ቀላልና ዋጋውም ከፖሊዩሬቴን የሚቀንስ ሲሆን፣ ድክመቱ ለረጅም ጊዜ የቆመ ውሃ ሲያገኘው መለስለሱ ነው። ፖሊዩሬቴን የቆመ ውሃን በተሻለ ሁኔታ ይቋቋማል፣ የበለጠም ይሳባል፤ ነገር ግን እርጥብ ኮንክሪት ላይ አረፋ ያወጣል፣ አንዳንዱ ዓይነትም ፀሐይ ስለሚያቢጫውና ስለሚያዱቅሰው ከላዩ ሌላ መከላከያ ይፈልጋል። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለው ፀሐይ ከቆላው የበረታ ስለሆነ ይህ ነጥብ ለእኛ ቀላል አይደለም።

በሲሚንቶ የተሠራው በሻወር ቤት፣ በውሃ ማጠራቀሚያና በሴራሚክ ሥር ተመራጭ ነው። ለጣሪያ ከተፈለገ ግን ዱቄቱና ፈሳሹ ለየብቻ የሚመጣው፣ የመሳብ አቅም ያለው ዓይነት መሆን አለበት፤ ባለ አንድ ክፍሉ ግትር ስለሆነ ሶሌታው ሲሰፋና ሲጠብ አብሮት ይሰነጠቃል። ሬንጅ ለመሠረትና ከመሬት በታች ላለ ግድግዳ ይበቃል፣ ለፀሐይ ተጋልጦ ግን አይዘልቅም። ተዳፋቱ ለተስተካከለ ተራ የመኖሪያ ቤት ጣሪያ ጥሩ አክሪሊክ በቂ ነው፤ ውሃ ማቆሩ ሊወገድ በማይችልበት ቦታ ፖሊዩሬቴን ይገዛል። ቀድሞ ካትራሜ የተቀባ ሶሌታ ከሆነ ካትራሜው ተፍቆ መነሳት አለበት፤ የማይነሳ ከሆነ አዲሱ ምርት ከእርሱ ጋር መስማማቱን በአንድ ካሬ ላይ ቀብቶ መሞከር ያስፈልጋል።

መጠኑን ማስላት

ባልዲው ላይ ወይም በመረጃ ወረቀቱ ላይ ከሚጻፉት ሁሉ አስፈላጊው ከደረቀ በኋላ በይዘት ስንት በመቶው ይቀራል የሚለው ነው። አንድ ሊትር ፈሳሽ በአንድ ካሬ ላይ እኩል ሲቀባ 1 ሚሊሜትር እርጥብ ውፍረት ይሰጣል። ከዚህ ውስጥ 60 በመቶው የሚቀር ከሆነ ሲደርቅ 0.6 ሚሊሜትር ይሆናል፤ የታዘዘው ደረቅ ውፍረት 1.2 ሚሊሜትር ከሆነ በካሬ 2 ሊትር ያስፈልጋል ማለት ነው።

ጎኑ 10፣ ርዝመቱ 12 ሜትር የሆነ ሶሌታን እንውሰድ። ሜዳው 120 ካሬ ነው። ልባሱ በፓራፔቱ (በሶሌታው ጫፍ ዙሪያ ባለው አጭር ግድግዳ) ላይ 20 ሴንቲሜትር ሲወጣ 44 ሜትር በሆነው ዙሪያ ወደ 9 ካሬ ይጨምራል። 129 ካሬ በ2 ሊትር 258 ሊትር ሲሆን፣ ለኮንክሪቱ ሻካራነት 10 በመቶ ሲታከልበት 284 ሊትር ገደማ፣ ይህም በባለ 20 ሊትር ባልዲ 15 ባልዲ ነው። ይህንኑ ጣሪያ «በ4 ባልዲ እጨርሰዋለሁ» የሚል ባለሙያ ቢመጣ፣ ምርቱን በውሃ ባያቀጥነው እንኳን የሚቀረው ደረቅ ውፍረት 0.4 ሚሊሜትር አይሞላም። በዚህ ዋጋ የሚገዛው ቀለም እንጂ ውሃ መከላከያ አይደለም።

ሶሌታውን ማዘጋጀት

በመጀመሪያ ላዩ ላይ የተንጠባጠበ ማልታ፣ የተነሳ አሮጌ ቀለምና ቆሻሻ በመሮና በመፋቂያ ይነሳል። ኮንክሪት ሲሞላ ወደ ላይ የሚወጣው ደካማ የሲሚንቶ ስስ ንጣፍ በግራይንደር ወይም በሽቦ ብሩሽ ካልተፋቀ፣ ልባሱ የሚይዘው ኮንክሪቱን ሳይሆን ይህን ዱቄት ይሆናልና አብሮት ይነሳል። የድንጋይ ሽበት ያበቀለ ቦታ በውሃ በተበረዘ በረኪና ታሽቶ በብዙ ውሃ ይታጠባል። ሲደርቅ መዳፍ በላዩ ይታሻል፤ ነጭ አቧራ ይዞ ከመጣ ሥራው አላለቀም።

ቀጥሎ በክረምት የተሰመሩት ቦታዎች ይስተካከላሉ። ለአንድ ሜትር 2 ሴንቲሜትር የሚወርድ ተዳፋት ጥሩ ሲሆን፣ ሊሾው ወደ ውሃ መውረጃው እንዲያዘነብል ተደርጎ ይሠራል። ጉድጓዱን ለመሙላት ሲባል ሊሾውን ማወፈር ግን ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ 5 ሴንቲሜትር ሊሾ በአንድ ካሬ ላይ 100 ኪሎ ገደማ ይጨምራል፣ ሶሌታው ይህን እንዲሸከም ካልታሰበ አደጋ አለው።

ከፀጉር የማይበልጡ ስንጥቆች በልባስ ላይ የማጠናከሪያ መረብ ተለጥፎባቸው ይሸፈናሉ። ከዚያ የሰፉት በግራይንደር 1 ሴንቲሜትር ያህል ተከፍተው፣ አቧራቸው ተነፍቶ በፖሊዩሬቴን ማሸጊያ ከተሞሉ በኋላ ወርዱ 10 ወይም 15 ሴንቲሜትር የሆነ የመረብ ቅዳጅ ይለጠፍባቸዋል። እዚህ ላይ ተራ ማልታ መሙላት ብዙዎች የሚያደርጉት ነው፣ ግን ለአንድ ክረምት እንኳን የሚዘልቅ አይደለም።

ጥጎች፣ ፓራፔትና መውረጃ

ሶሌታና ፓራፔት የሚገናኙበት ቀጥ ያለ ጥግ ላይ ልባስ ስለሚሳሳ በመጀመሪያ የሚቀደደው እዚያ ነው። በመሆኑም ማጣበቂያ በተጨመረበት ማልታ ከ4 እስከ 5 ሴንቲሜትር የሚሆን ሰያፍ ሙሌት በዙሪያው ይሠራል፤ ልባሱም ከተጠናቀቀው ወለል በላይ ቢያንስ 15 ሴንቲሜትር ይወጣል። ፓራፔቱ ያልተለሰነ ብሎኬት ከሆነ አስቀድሞ መለሰን አለበት። የብዙ ቤት ችግር ደግሞ የፓራፔቱ አናት ነው፦ ዝናቡ በክፍቱ ብሎኬት ቀዳዳ ገብቶ በግድግዳው ውስጥ ይወርድና ከልባሱ ሥር ይወጣል፣ ባለቤቱም ልባሱን ይረግማል። አናቱ በማልታ ተደፍኖ ወደ ውስጥ እንዲያዘነብል ከተደረገ በኋላ ልባሱ እርሱንም መሸፈን ይኖርበታል።

የውሃ መውረጃው አፍ ዙሪያ ከሌላው ወለል 1 ሴንቲሜትር ያህል ዝቅ ይደረጋል። የፕላስቲክ ቱቦ ለስላሳ ስለሆነ በሸካራ ወረቀት ካልታሸ ልባስ አይይዝም። መረቡ በአራት ማዕዘን ተቆርጦ መካከሉ በመቀስ በየአቅጣጫው ይተለተላል፤ ትልትሎቹ ወደ ቱቦው ውስጥ ታጥፈው በልባስ ይለጠፋሉ፣ ሽፋኑም ቢያንስ 5 ሴንቲሜትር ወደ ውስጥ ይወርዳል። ጣሪያው አንድ መውረጃ ብቻ ካለው በፓራፔቱ ላይ ትንሽ ከፍ ብሎ የሚወጣ ትርፍ ቱቦ ማስገባት ተገቢ ነው፤ ነሐሴ ላይ አንድ የፌስታል ቁራጭ መውረጃውን ቢደፍነው ሶሌታው ኩሬ ይሆናል።

የቆመው ፌሮ

ወደፊት ለሚቀጥል ፎቅ የተተወው ፌሮ ከሁሉም በላይ ትኩረት የሚሻ ቦታ ነው፤ ውሃ በብረቱ ላይ ተንሸራትቶ በቀጥታ ወደ አምዱ ልብ ይወርዳል። በእያንዳንዱ ፌሮ ሥር ልባስ መለቅለቅ ዋጋ የለውም። በሰባትና በስምንት ዘንግ መካከል ብሩሽ ተስተካክሎ አይገባም፤ የብረቱ ጎድጓዳ ጥርስም እንዲያፈስ ያደርገዋል።

የሚሻለው መንገድ ይህ ነው። ዝገቱ በሽቦ ብሩሽ ይነሳል፣ የአምዱ ቦታ ተሸካክሮና ታጥቦ 20 ሴንቲሜትር ያህል ከፍታ ያለው ኮንክሪት በአምዱ ልክ ይሞላል። በዚህም ፌሮዎቹ የሚወጡበት ቦታ ውሃ ከሚሄድበት ወለል በላይ ይሆናል። የኮንክሪቱ አናት ወደ ጎን እንዲያፈስ ተደርጎ ይለሰናል፤ በእያንዳንዱ ዘንግ ዙሪያ ትንሽ ቦይ ተትቶ በፖሊዩሬቴን ማሸጊያ ይሞላል። ሥሩ በሰያፍ ሙሌት ይከበባል፣ ልባሱም በመረብ ተጠናክሮ እስከ አናቱ ይወጣል። የቀረው ፌሮ ፀረ ዝገት ተቀብቶ ወይም ስስ የሲሚንቶ ውሃ ተለቅልቆ በላዩ የፕላስቲክ ቱቦ ይለበሳል። ፎቁ ሲቀጥል ይህ ኮንክሪት የአምዱ አካል ስለሚሆን ጥራቱ ከአምዱ ኮንክሪት ማነስ የለበትም፤ አናቱ ላይ ያለው ልባስና ልስንም ያን ጊዜ ሙሉ በሙሉ ይፋቃል።

የዲሽ እግር ሶሌታውን በስቶ በብሎን ከሚታሰር ይልቅ በኮንክሪት በተሞላ ብሎኬት ላይ ቢታሰር ቀዳዳው ይቀራል። የሮቶ ማቆሚያ ብረትም በቀጥታ ልባሱ ላይ አይቀመጥም፤ እግሮቹ ከቅቡ በፊት በተሠሩ ትንንሽ የኮንክሪት መቀመጫዎች ላይ ይሆናሉ።

መቀባት

ምርቱ በቀስታ በሚዞር ድሪል ይበጠበጣል፤ ፍጥነት አየር ያስገባል። ባለ ሁለት ክፍል ምርት ሙሉ እሽጉ አንድ ላይ ካልሆነ በቀር በግምት ተከፋፍሎ አይደባለቅም። ፕራይመሩ አምራቹ ባዘዘው መጠን ይቀጥናል፣ ዋናው ልባስ ግን ካልተፈቀደ በስተቀር ጠብታ ውሃ አይጨመርበትም።

ፕራይመሩ ከደረቀ በኋላ መጀመሪያ ጥጎቹ፣ መውረጃው፣ ስንጥቆቹና የፌሮው ሥር በብሩሽ ከነመረባቸው ይሠራሉ። ከዚያ ሜዳው በጠመኔ ይከፋፈላል። ከላይ የተጠቀሰው ጣሪያ ጎኑ 5፣ ርዝመቱ 6 ሜትር ወደሆኑ 4 ክፍሎች ይከፈላል፤ እያንዳንዱ 30 ካሬ ነው። በእያንዳንዱ እጅ ለአንድ ክፍል አንድ ባለ 20 ሊትር ባልዲ ይመደባል። ክፍሉ ሲያልቅ ባልዲው ባዶ መሆን አለበት፤ ከተረፈ ሠራተኛው አሳስቶታል፣ ተመልሶ ይቀባል። በሦስት እጅ የሚፈለገው 2 ሊትር በካሬ ይገኛል፣ የቀሩት 3 ባልዲዎች ለዙሪያውና ለጥጎቹ ናቸው። ይህ ዘዴ ምንም መሣሪያ ስለማይፈልግ ባለቤቱ ራሱ ቆሞ ሊቆጣጠርበት ይችላል።

ሁለተኛው እጅ የመጀመሪያውን አቅጣጫ አቋርጦ ይሄዳል፤ የሁለቱ ቀለም ቢለያይ፣ ለምሳሌ መጀመሪያ ግራጫ ከዚያ ነጭ ቢሆን፣ የተዘለለ ቦታ ወዲያው ይታያል። አክሪሊክን በእኛ ብርድ በማግሥቱ መደገም ይሻላል። ፖሊዩሬቴን ደግሞ የመደገሚያ ጊዜው ከፍተኛ ገደብ አለው፤ ካለፈ ላዩ ካልታሸ ቀጣዩ እጅ አይይዝም። ሥራው ከደረጃው ራቅ ካለው ጥግ ይጀመርና ወደ መውጫው ይመለሳል።

ሮለር የያዘ ሰው ወደ ኋላ እየሄደ ስለሚቀባ፣ ፓራፔት በሌለው ሶሌታ ላይ ከጫፉ አንድ ሜትር ገባ ብሎ ገመድ መወጠርና ጫፉን የሚቀባውን ማሰር ግዴታ ነው። ፖሊዩሬቴን ሲቀባ ጓንት፣ መነጽርና ለኬሚካል ትነት የተሠራ ጭንብል ይደረጋል፤ ሲጋራም እሳትም አጠገቡ አይቀርብም።

ሙከራና አያያዝ

ሽፋኑ አምራቹ የሚለው ጊዜ፣ በአብዛኛው አንድ ሳምንት ገደማ፣ ሲሞላው መውረጃው ተደፍኖ ከ3 እስከ 5 ሴንቲሜትር ውሃ ለ24 ሰዓት ይቆምበታል። 5 ሴንቲሜትር ውሃ በ120 ካሬ ላይ 6 ቶን ስለሚመዝን ሶሌታው መቻሉ መረጋገጥ አለበት። ውሃ በፈረቃ በሚመጣባቸው ሰፈሮች ይህን ያህል ማግኘትም ከባድ ነው፤ በመውረጃው፣ በፌሮው ሥርና በጥጎቹ ዙሪያ ብቻ በጭቃ ትንሽ ግድብ ሠርቶ በጥቂት ጀሪካን መፈተሽ ይቻላል። አክሪሊክ ከሆነ ግን 24 ሰዓቱ ሳይጠበቅ ውሃው ከመምሸቱ በፊት ይለቀቅ። ከታች ያለው ክፍል በእነዚህ ሰዓታት ውስጥ በባትሪ እየታየ ይመዘገባል።

ከዚያ በኋላ በሶሌታው ላይ በርበሬ ማስጣትም ሆነ ልብስ መዘርጋት ይቻላል፣ ብረት መጎተትና እንጨት መፍለጥ ግን አይቻልም። በየዓመቱ ግንቦት ላይ መውረጃው ይጸዳል፣ ጥጎቹ ይታያሉ። የተቀደደ ቦታ ከተገኘ የላላው ክፍል እስከሚይዘው ድረስ ተቆርጦ ይነሳል፣ ዙሪያው ከ10 እስከ 15 ሴንቲሜትር ታሽቶ ይጸዳል፣ ከዚያም በመረብና በዚያው በመጀመሪያው ምርት አሮጌውን ደርቦ ይቀባል። ለዚህ እንዲሆን የምርቱ ስም፣ የተቀባበት ቀንና የተፈጀው ባልዲ ብዛት በቤቱ ወረቀቶች መካከል ተጽፎ መቀመጥ አለበት።